ስም ዘር ነውን? በስኮትላንድ የትውልድ ሐረግ ፍለጋ የቤተሰብ ስም ያለው የማስረጃነት ዋጋ

መግቢያ

ጀምስ ብሩስ በኢትዮጵያ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ጥናት ስሙ ደጋግሞ የሚነሣ ስኮትላንዳዊ ነው። በ1769 ምጽዋ ገብቶ፣ በ1770 ጎንደር ደርሶ፣ ግሽ ዓባይን አይቶ የተመለሰው፣ ከግእዝ ብራናዎች ጋር መጽሐፈ ሄኖክን ወደ አውሮፓ የወሰደው፣ የጉዞውንም ታሪክ በ1790 በ5 ቅጾች ያሳተመው ይኸው ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በስኮትላንድ ብሩስ የሚለው ስም ሲጠራ ወዲያው የሚታወሰው በ1306 የነገሠውና በ1314 ባኖክበርን ላይ የእንግሊዝን ጦር ድል ያደረገው ሮበርት ብሩስ ነው። ተጓዡም በዚህ ስም ይኮራ ነበር። ይሁን እንጂ የተጓዡ ወንድ አያት፣ ማለትም የአባቱ አባት፣ ብሩስ አልነበረም፤ ዴቪድ ሄይ ይባል ነበር። ሄይ የኪኔርድ ርስት ወራሽ የነበረችውን ሄለን ብሩስን ሲያገባ የሚስቱ ስም ከርስቱ ጋር ቀጠለ፤ ልጃቸውም ዴቪድ ብሩስ ተባለ። የዴቪድ ብሩስ ልጅ ነው እንግዲህ ጎንደር የደረሰው። ጎንደር ላይ ደግሞ፣ ራሱ በመጽሐፉ እንደሚነግረን፣ ያጉቤ ይባል ነበር።

አንድን ሰው በአባቱ ወገን ሄይ፣ በርስቱ ብሩስ፣ በጎንደር ያጉቤ ሆኖ እናገኘዋለን። ከእነዚህ ስሞች የትኛው ነው ዘሩን የሚያስረዳው? ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ጥያቄ ከዚህ የሚነሣ ነው። በስኮትላንድ ሁለት ሰዎች አንድ የቤተሰብ ስም ቢኖራቸው ዘመዳሞች ናቸው ለማለት ስሙ ምን ያህል ይበቃል? ስማቸው የተለያየ እንደሆነስ ባዕዳን ናቸው ማለት ይቻላልን? መልሴን ከወዲሁ ለማስቀመጥ ያህል፣ የቤተሰብ ስም ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ይጠቁማል እንጂ ዝምድናን አያረጋግጥም። ዝምድናን የሚያስረዳው ስሙ ከአባት፣ ከእናት፣ ከአጥቢያ፣ ከዓመትና ከምስክር ጋር ተያይዞ የተጻፈበት መዝገብ ነው።

ይህን ጉዳይ እንዳነሣ የገፋፉኝ ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከማስተምረው ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪዎች አንድን የስኮትላንድ ባለቅኔ በሁለት መጻሕፍት ውስጥ በሁለት የተለያዩ ስሞች ሲያገኙት ሁለት ሰዎች ይመስሏቸዋል። ሁለተኛው ከአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ስኮትላንዳዊ አግብታ እዚያው የምትኖረው ይህች ወጣት፣ ለልጇ በእናቱ በኩል እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ትችላለች። በአባቱ በኩል ግን በእጇ ያለው ከአንድ የመታሰቢያ ዕቃ መደብር የተገዛ፣ የባሏ የቤተሰብ ስምና አንድ አርማ የታተመበት ወረቀት ብቻ ነው። ይህ ወረቀት የልጄ ዘር ነው ወይ ስትል ጠይቃኛለች። ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም ብሎ ማለፍ ስለማይቻል፣ በመጀመሪያ ስሞቹ እንዴት እንደ ተፈጠሩ መመልከት ያስፈልጋል።

የቤተሰብ ስም አመጣጥ

እኛ ዘንድ ከራስ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው። በየትውልዱም ይለወጣል። የስኮትላንድም ልማድ በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በሰሜንና በምዕራብ ተራራማ አገር በሚነገረው በጌሊክ ቋንቋ “ማክ” ማለት ወንድ ልጅ ማለት ነው፤ ለሴት ልጅ “ኒክ” ይባላል። በደቡቡና በምሥራቁ ዝቅተኛ አገር ደግሞ “ሰን” የሚለው መድረሻ ይኸንኑ ሥራ ይሠራል። ማክዶናልድ የዶናልድ ልጅ፣ ስቲቨንሰን የስቲቨን ልጅ ማለት ነው። በዝቅተኛው አገር እነዚህ ስሞች በመካከለኛው ዘመን ቀስ በቀስ እየረጉ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጡ የሚተላለፉ ሆኑ። በተራራማው አገር ግን ይህ የሆነው በጣም ዘግይቶ ነው። በሰሜን ጫፍ ባሉት በሼትላንድ ደሴቶች የአባትን ስም በየትውልዱ የመቀያየር ልማድ እስከ 19ኛው ምእተ ዓመት ድረስ ዘልቋል። በዚያ ማግነስ የሚባል ሰው ጆን የሚባል ልጅ ቢወልድ፣ ልጁ ጆን ማግነሰን ይባላል፤ የጆን ልጅ ጄምስ ደግሞ ጄምስ ጆንሰን ይሆናል። አንድ ሰው “ጆንሰን” የሚለውን ስም ብቻ ይዞ በሼትላንድ መዝገብ ወደ ኋላ ቢሄድ፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ መንገዱ ይጠፋበታል።

ከአባት ስም ሌላ የቤተሰብ ስሞች የሚወጡባቸው ሦስት ምንጮች አሉ። እነርሱም ቦታ፣ ሙያና መልክ ናቸው። ሱዘርላንድ የአገር ስም ነው። ስሚዝ ቀጥቃጭ፣ ስቱዋርት የቤት አዛዥ ማለት ነው። ካምቤል በጌሊክ ጠማማ አፍ፣ ካመሮን ጎባጣ አፍንጫ ከሚሉ ቅጽል ስሞች የመጡ ናቸው። የእነዚህ ምንጮች ባሕርይ ለዘር ፈላጊው ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ቀጥቃጭ የሌለበት መንደር አልነበረምና፣ ስሚዝ የሚለው ስም እርስ በርሳቸው በማይተዋወቁ ብዙ መንደሮች በየራሱ ጊዜ ተፈጥሯል። ስቲቨን የሚባል አባትም በየአገሩ ነበረ። ስለሆነም ሁለት ስሚዞች ወይም ሁለት ስቲቨንሰኖች በስም መገናኘታቸው፣ አንዱ የቀጥቃጭ ሌላውም የሌላ ቀጥቃጭ ዘር መሆናቸውን ከመንገር አያልፍም።

ክላን የሚባለው የተራራማው አገር ማኅበራዊ ተቋምም ብዙ ሰው ያሳስታል። ቃሉ በጌሊክ ልጆች ማለት በመሆኑ አባላቱ ሁሉ ከአንድ አባት የተወለዱ ይመስላል። በተግባር ግን ክላን የሥጋ ዘመዶችን ብቻ ሳይሆን በአለቃው መሬት የሚኖሩትን ጭሰኞች፣ በጥበቃው ሥር የገቡትን ትንንሽ ቤተሰቦችና አገልጋዮቹን ጭምር የያዘ ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ የአለቃውን ስም ወሰዱ። የፍሬዘርና የጎርደን አለቆች ስማቸውን ለተቀበለ ሰው አንድ ስፍር ዱቄት ይሰጡ ነበር የሚል አፈ ታሪክ እስከ ዛሬ ይነገራል። ታሪኩ በቃል የመጣ ቢሆንም፣ የአገሩ ሰው ራሱ ስምና ደም አንድ እንዳልሆኑ ከጥንት ጀምሮ ያውቅ እንደ ነበር ያሳያል።

ስም የሚለወጥባቸው መንገዶች

አንድ ስም ለብዙ ዘር ሊሆን እንደሚችል ካየን፣ አንድ ዘር ደግሞ ብዙ ስም ሊይዝ እንደሚችል እንመልከት። የመጀመሪያው መንገድ ትርጉም ነው። በተራራማው አገር ሕዝቡ ጌሊክ ሲናገር፣ መዝገብ የሚጽፈው ካህን ወይም ጸሐፊ ግን በእንግሊዝኛ ይጽፍ ነበር። በዚህም ምክንያት “የአናጢ ልጅ” የሚል ትርጉም ያለው የጌሊክ ስም በአንድ መዝገብ በድምፁ ማክንታየር፣ በሌላው በትርጉሙ ራይት ተብሎ ይገኛል። የ20ኛው ምእተ ዓመት ባለቅኔና ደራሲ ኢየን ክራይተን ስሚዝ (1928-1998) በእንግሊዝኛ መጻሕፍቱ ስሚዝ ነው፤ በጌሊክ መጻሕፍቱ ላይ ግን የቤተሰብ ስሙ “የቀጥቃጭ ልጅ” በሚለው የጌሊክ አጠራር ተጽፎ ይገኛል። ስሙን አልለወጠም፤ ቋንቋውን ነው የለወጠው።

በ18ኛው ምእተ ዓመት ከነበሩት የጌሊክ ባለቅኔዎች መካከል ስመ ጥር የሆነው አሌክሳንደር ማክዶናልድ ደግሞ በአገሩ ሰው ዘንድ የሚታወቀው “አላስደር የመምህር አላስደር ልጅ” በሚል ትርጉም ባለው ስም ነው። አባቱ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያለው ካህን ስለ ነበረ መምህር የሚለው ማዕረግ ከልጁ ስም ጋር አብሮ ቀረ። በ1751 የታተመው የግጥም መድበሉ በስኮትላንድ ጌሊክ ከታተሙት ዓለማዊ የግጥም መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከሁለቱ ስሞች ለዘር ፈላጊው የበለጠ የሚጠቅመው ባሕላዊው መሆኑ ነው። ማክዶናልድ የሚለው በሺህ ከሚቆጠሩ ሰዎች ጋር ያደባልቀዋል፤ የመምህር አላስደር ልጅ የሚለው ግን አባቱን ከነሙያው ይነግረናል።

ሁለተኛው መንገድ ክልከላ ነው። በ1603 የንጉሡ አማካሪ ሸንጎ ማክግሬገር የሚለውን ስም በሞት ቅጣት ከለከለ። ክልከላው በ1661 ተነሣ፤ በ1693 ተመለሰ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተሻረው በ1774 ነው። በእነዚህ ዘመናት የማክግሬገር ልጆች ካምቤል፣ ግራንት፣ መሪ፣ ድራመንድ፣ ግሬም እየተባሉ ተመዘገቡ። በ1817 መጨረሻ የታተመው የዋልተር ስኮት ልቦለድ ባለ ታሪክ የሆነው ሮብ ሮይ ማክግሬገር ራሱ በእናቱ ስም ካምቤል እየተባለ ኖሯል። ስለሆነም ዛሬ ድራመንድ የሚባል አንድ ሰው የማክግሬገር ዘር ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ማለት ግን ነው ማለት አይደለም። ስሙ የተከለከለ መሆኑ ለእውነተኛ ዘሮች መሸሸጊያ፣ ለኋለኞች ተመኚዎች ደግሞ ምቹ ምክንያት ሆኗል።

ሦስተኛው መንገድ ርስት ሲሆን ከላይ የጠቀስነው የብሩስ ቤት ጥሩ ምሳሌ ነው። አራተኛው ደግሞ ቅጽል ስም ነው። በሰሜን ምሥራቅ የባሕር ዳርቻ ባሉ እንደ በኪ በመሰሉ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ሕዝቡ እርስ በርሱ ሲጋባ ስለኖረ አንድ መንደር በሁለትና በሦስት የቤተሰብ ስሞች ብቻ ተሞላ። በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ጄምስ ስሚዞች ቢኖሩ ፖስታ አዳዩም፣ ቀረጥ ተቀባዩም መለየት አይችሉም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቅጽል ስም ነበረው፤ ይኸውም ስም በመንግሥት መዝገብ ሳይቀር በቅንፍ ውስጥ ይጻፍ ነበር። እንዲህ ባለው መንደር የዘሩን ሐረግ የሚይዘው የቤተሰቡ ስም ሳይሆን በቅንፍ ያለው ቅጽል ነው። ቅንፉን የዘለለ አንባቢ ዘሩንም ዘለለ ማለት ነው።

የመደብሩ አርማ

አሁን ወደ ተማሪዬ ወረቀት መመለስ ይቻላል። በስኮትላንድ ሕግ አርማ የቤተሰብ ስም ንብረት አይደለም፤ በስሙ የተመዘገበለት የአንድ ግለሰብና ከእርሱ በኋላም የሕጋዊ ወራሹ ንብረት ነው። ይህን የሚቆጣጠር ሎርድ ላየን የሚባል ባለ ሥልጣንና የራሱ ፍርድ ቤት አሉ፤ የአርማ መዝገቡም ከ1672 ጀምሮ ያለ ነው። አንድ ሰው ስሙ ካምቤል ስለሆነ ብቻ የካምቤልን አለቃ አርማ የራሴ ነው ሊል አይችልም። በመደብር የሚሸጠው ወረቀት ለግድግዳ ጌጥ ይሆናል። የዘር ማስረጃ ነው ተብሎ ሲያዝ ግን ጉዳት አለው። የሌላውን ሰው አያት ሲያስወርስ፣ የራስን አያት ያስረሳል። ድንች ሲያበቅል የኖረ ጭሰኛ፣ በፋብሪካ ክር ስትፈትል የኖረች አያት፣ ስማቸው በመዝገብ ላይ እያለ፣ በማያውቃቸው ባላባት ይተካሉ። የዚህ ጥናት ቁም ነገር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ማስረጃው የሚገኝባቸው መዛግብት

የስኮትላንድ መዛግብት ለዘር ፈላጊ የተመቹ ናቸው። ከሁሉ በላይ ጠቃሚው ከጥር 1 ቀን 1855 ጀምሮ የተያዘው የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ የልደት ጽሑፍ የእናትን የአባቷን ቤት ስም ይዟል። የጋብቻው ጽሑፍ የሙሽራውንና የሙሽራይቱን አባትና እናት ይጠቅሳል። ከሁሉም የሚያስደንቀው የሞት ጽሑፉ ነው፤ የሟቹን አባት ብቻ ሳይሆን እናቱንም ከነአባቷ ቤት ስም ይመዘግባል። ለምሳሌ በ1860 በ80 ዓመቷ የሞተች አሮጊት የሞት ጽሑፍ፣ በ18ኛው ምእተ ዓመት የኖሩ ወላጆቿን ስም ይሰጠናል ማለት ነው። በተለይ የ1855 ጽሑፎች ዝርዝር ስለበዛባቸው ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ አንዳንዶቹ ዓምዶች ተቀንሰዋል። አያቱ በ1855 የተመዘገበለት ሰው ዕድለኛ ነው።

ይሁን እንጂ የሞት ጽሑፍ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ስለ ሟቹ ወላጆች ከማንም በላይ የሚያውቀው ሟቹ ራሱ ነበር፤ እርሱ ደግሞ አይናገርም። ቃሉን የሚሰጠው ልጅ፣ አማች ወይም ጎረቤት ነው። አያቱን አይቶ የማያውቅ የልጅ ልጅ ስሟን ቢያሳስት አያስደንቅም። ስለዚህ የሞት ጽሑፍ በጋብቻውና በልደቱ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ምንጭ የሕዝብ ቆጠራ ነው። ስማቸውን ለይቶ የመዘገበው ቆጠራ ከ1841 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ይገኛል። በ1841 ቆጠራ ከ15 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ዕድሜ ባመዛኙ ወደ ታች በ5 እየተጠጋጋ ስለተጻፈ፣ 35 ተብሎ የተመዘገበ ሰው እስከ 39 ሊሆን ይችላል። ከ1851 ጀምሮ ግን እያንዳንዱ ሰው ለቤቱ አለቃ ያለው ዝምድናና የተወለደበት አጥቢያ ይጠቀሳል። ቆጠራው ለሕዝብ የሚከፈተው ከ100 ዓመት በኋላ በመሆኑ የ1921ዱ የተከፈተው በ2022 ነው።

ከ1855 በፊት ላለው ዘመን ዋናው ምንጭ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት መዝገብ ነው። ከእነዚህ ጥንታዊው በፐርዝሺር የሚገኘው የኤሮል አጥቢያ መዝገብ ሲሆን ከ1553 ጀምሮ ያለ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ፣ በተለይም የተራራማው አገርና የደሴቶቹ፣ በጣም ዘግይተው የጀመሩ ናቸው። ጥምቀት የተጻፈውን ያህል ቀብር አልተጻፈም። ከ1783 እስከ 1794 ደግሞ ለእያንዳንዱ ምዝገባ የ3 ፔኒ ቀረጥ ስለተጣለ ብዙ ሰዎች ልጆቻቸውን ሳያስመዘግቡ ቀርተዋል። በመሆኑም አንድ ስም በእነዚያ ዓመታት መዝገብ ላይ አለመገኘቱ ሰውየው አለመወለዱን አያስረዳም። ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆችን አባት ለማግኘት ደግሞ የአጥቢያው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ይረዳል፤ እናቲቱ ተጠርታ የተጠየቀችውና የመለሰችው በዚያ ተጽፎ ይገኛልና።

እነዚህ መዛግብት ኤዲንብራ በሚገኘው በስኮትላንድ ብሔራዊ መዛግብት ተቋም ተጠብቀዋል። ተቋሙ ስኮትላንድስ ፒፕል በተባለው አገልግሎቱ አማካይነት በኮምፒዩተር ምስላቸውን ያሳያል። ለግል ምስጢር ጥበቃ ሲባል በዚህ መንገድ የሚታየው የልደት ምስል 100፣ የጋብቻ 75፣ የሞት 50 ዓመት ያለፈው ነው።

የስም አወጣጥ ልማድና የሴቶች ስም፤ የስቲቨንሰን ቤት ምሳሌ

መዝገብ ዝም ሲል የሚናገር ሌላ ምስክር አለ፤ እርሱም የልጆች ስም አወጣጥ ልማድ ነው። በብዙ የስኮትላንድ ቤተሰቦች የመጀመሪያው ወንድ ልጅ የአባቱን አባት፣ ሁለተኛው የእናቱን አባት ስም ይወርሳል። የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ የእናቷን እናት፣ ሁለተኛዋ የአባቷን እናት ስም ትይዛለች። ሕግ ስላልነበረ የሚጥሱትም ብዙ ናቸው። ቢሆንም ጥቆማው ጠቃሚ ነው።

የደራሲውን የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን ቤት እንመልከት። በ1774 በካሪቢያን ደሴት በሴንት ኪትስ የሞተው አለን ስቲቨንሰን፣ ሮበርት (1772-1850) የሚባል ልጅ ነበረው፤ የቤል ሮክን የባሕር መብራት ማማ የሠራው መሐንዲስ ነው። ሮበርት ጂን ስሚዝን አገባ፤ አባቷ ቶማስ ስሚዝ ይባላል። ከልጆቻቸው መካከል አንዱ በአባት በኩል ባለው አያቱ አለን፣ ሌላው በእናት በኩል ባለው አያቱ ቶማስ ተብለዋል። ቶማስ በበኩሉ የሉዊስ ባልፎርን ልጅ ማርጋሬት ባልፎርን አግብቶ በኅዳር 1850 አንድ ልጅ ወለደ። የልጁ ሙሉ ስም ሮበርት ሉዊስ ባልፎር ስቲቨንሰን ነው። ሮበርት ከጥቂት ወራት በፊት የሞተው የአባቱ አባት ነው፤ ሉዊስ ባልፎር የእናቱ አባት ነው። ማንም ሌላ ነገር ሳይነግረን ስሙ ብቻውን ሁለቱን አያቶች ቆጠረልን።

እዚህ ላይ የሴቶቹ ስም የሠራውን ሥራ ማስተዋል ይገባል። ስሚዝና ባልፎር የሚሉት ስሞች ባይጻፉ ኖሮ ቶማስና ሉዊስ ከየት እንደመጡ አናውቅም ነበር። የስኮትላንድ ሴት ብታገባም የአባቷን ቤት ስም በሕግ ፊት አታጣም ነበር። በመዝገብም፣ በመቃብር ድንጋይም ላይ በዚሁ ስም ትጻፋለች። በዚህ ረገድ ከባሏ ስም በፊት የራሷን አባት ስም ይዛ ከምትኖረው ከእኛዋ ሴት ጋር ትመሳሰላለች። በስኮትላንድ የዘር ፍለጋ የሰመረለት ሰው ባመዛኙ ሴቶቹን ተከትሎ የሄደ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ስቲቨንሰን ራሱ በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት፣ በሳሞአ ደሴት ሆኖ፣ የቤተሰቡን ታሪክ መጻፍ ጀምሮ ነበር። ሳይፈጽመው በ1894 ሞተ። መግቢያው የሚነሣው ከዚሁ ከእኛው ጥያቄ ነው፤ ስቲቨንሰን የሚለው ስም በስንት ቦታና በስንት የአጻጻፍ መልክ እንደሚገኝ ይዘረዝራል። በቤተሰቡ ይነገር ስለነበረ አንድ ፈረንሳዊ ጢም ላጭና ሐኪም ያወሳል። ከተከለከሉት ከማክግሬገሮች የመወለድ ተስፋም ልቡን ይስበው ነበር፤ ጀብዱ ለሚወድ ደራሲ ከዚህ የሚጥም አያት አይገኝም። ይሁን እንጂ የተረጋገጠውን ሐረግ ለመቁጠር ሲነሣ የጀመረው በሬንፍሩ አውራጃ፣ በኒልስተን አጥቢያ፣ በ17ኛው ምእተ ዓመት ከኖረ ጄምስ ከሚባል ገበሬ ነው። የሚመኘውን አያት ከሚያስረዳው አያት ለይቶ አስቀመጠ። ልቦለድ ጸሐፊ ሆኖ ሳለ በአያቶቹ ላይ ልቦለድ አልጻፈም። ለዘር ፈላጊ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ዝምድና እንዴት ይመረመራል?

ከዚህ በላይ ከቀረበው በመነሣት፣ ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸው ቤተሰቦች ዘመዳሞች መሆን አለመሆናቸውን ለመመርመር የሚከተለው አካሄድ ይበጃል እላለሁ። አንደኛ፣ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው መሄድ ነው። ከራስ ተነሥቶ ወደ አባትና እናት፣ ከዚያም ወደ አያት በአንድ ጊዜ አንድ ትውልድ መውጣት እንጂ፣ ከታወቀ ባላባት ተነሥቶ ወደ ራስ መውረድ አይገባም። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ቤተሰቦች የየራሳቸውን ሐረግ ለየብቻ እስከ ተቻለ ድረስ መውሰድ አለባቸው። ሐረጎቹ በአንድ አጥቢያ ካልተገናኙ የስሙ አንድነት አያገናኛቸውም። ሦስተኛ፣ የፊደል ልዩነት እንደ ማስረጃ መቆጠር የለበትም። “ማክ” የሚለው በአጭሩ ሲጻፍ አንዱ የአየርላንድ፣ ሌላው የስኮትላንድ ነው የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም። ጸሐፊው የሰማውን በጆሮው ልክ ይጽፍ ነበር፤ የአንድ እናት ልጆች ስም በአንድ መዝገብ በሁለት መንገድ ተጽፎ ይገኛል። አራተኛ፣ ከስሙ ዙሪያ ያሉትን ሰዎች ማንበብ ያስፈልጋል። በጥምቀት ላይ ምስክር የሆኑት፣ በቆጠራው ሌሊት በዚያ ቤት ያደሩት፣ ሞትን ያስመዘገቡት ሰዎች ብዙ ጊዜ ዘመዶች ናቸው። ሁለት ቤተሰቦች ለተከታታይ ልጆቻቸው ምስክር ከተለዋወጡ፣ ይህ ከስም አንድነት የበለጠ ይናገራል።

በዘመናችን የዘረ መል ምርመራ ተጨምሯል። ዋይ የሚባለው ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ስለሚተላለፍ እንደ ቤተሰብ ስም በወንድ መስመር ይጓዛል። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ወንዶች ውጤታቸው ፈጽሞ ከተለያየ በወንድ መስመር ከአንድ አባት አይመጡም፤ ከተቀራረበ በአንድ ዘመን አንድ አባት ነበራቸው። ይሁን እንጂ ምርመራው የዚያን አባት ስምም ዓመትም አይነግረንም፤ ይህን የሚነግረን መዝገብ ነው። በሌላ በኩል ስምና ወንድ መስመር የተለያዩበትን ቦታ ሊያሳይ ይችላል። የተጓዡ የብሩስ የወንድ መስመር በዚህ መንገድ ቢመረመር፣ በአባቱ ወገን መዝገቡ የሚነግረን እውነት ከሆነ፣ የሚቀርበው ከብሩሶች ሳይሆን ከሄዮች ነው። እንዲህ በመሆኑ ግን ብሩስ አይደለም ማለት አይቻልም። ሄለን ብሩስ አያቱ ነበረች። ዘር በወንድ ብቻ የሚቆጠር ከሆነ ነው ብሩስነቱ የሚያጠራጥረው፤ በሴትም የሚቆጠር ከሆነ ሙሉ ነው።

ማጠቃለያ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የዘር ፈላጊው ችግር ስሙ በየትኛው መቃብር ላይ እንደዋለ ማወቅ ነው። በስኮትላንድ አንድ ስም ብዙ ዘር፣ አንድ ዘርም ብዙ ስም እንደሚይዝ አይተናል። ስሙ በትርጉም፣ በክልከላ፣ በርስትና በቅጽል ይለወጣል። የማይለወጠው አንዲት እናት በአንድ አጥቢያ በአንድ ቀን አንድ ልጅ መውለዷ ነው፤ ይህም የሚገኘው በመዝገብ ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የአባታቸው ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ይመዘገባል፤ እዚያ የሚወለዱ ልጆችም ብዙ ጊዜ የወንድ አያታቸውን ስም ይዘው ይቀራሉ። ከሁለት ወንድማማቾች አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ግላስጎ ቢወልድ፣ የአንዱ ልጅ በአባቱ ስም፣ የሌላው ልጅ በአያቱ ስም ይጠራል። የአጎት ልጆች በወረቀት ላይ ባዕዳን ይሆናሉ። ስኮትላንድ ከመቶ ዓመታት በፊት ያለፈችበትን የስም መርጋት ዘመን ዛሬ እነርሱ በአንድ ትውልድ እያለፉት ነው። ስለሆነም ለልጆቻቸው ሊያቆዩላቸው የሚገባው ስሙን ብቻ አይደለም። የአባትን፣ የእናትን፣ የአያቶችን ስም በሁለቱም ወገን፣ ከተወለዱበት ቦታና ዓመት ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ቢያኖሩ፣ ከ100 ዓመት በኋላ ለሚፈልጋቸው የልጅ ልጅ ከማንኛውም አርማ የበለጠ ውርስ ትተውለታል።